«ፍሎው» እና ባልንጀሮቿ

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ወር ነው፤ ጊዜው ክረምት ነበር። ከአንድ ወረዳ የመጣ የአማርኛ ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመን ለውጭ አገር መሐንዲሶች እንድናዘጋጅ ታዘዝን። የደብዳቤው ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ወንዙ ሞልቶ በድልድዩ ላይ ስለ ፈሰሰ መኪና ማለፍ አልቻለም የሚል ነው። እኛም የብዙ ዓመት ትምህርታችንን ተማምነን፥ መዝገበ ቃላት ሳንገልጥ፥ ባንድ ትንፋሽ ተረጐምነውና ለአለቃችን አቀረብን። አለቃችን ጠጉራቸውን ሽበት የወረሰው፥ መነጽራቸውን እስከ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው የሚያነቡ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ አነበቡት፤ ደገሙት፤ ከዚያም ቀና ብለው፥

«ልጄ፥ ይህ ወንዝ ክንፍ አለው እንዴ?» አሉን።

ነገሩ አልገባንም። እሳቸውም በእርሳሳቸው ጫፍ አንዲት ቃል አሳዩን፤ «ኦቨርፍሎን» ብለን ጽፈን ኖሯል።

«ይኸ እኮ በላይ በረረ ማለት ነው። አንተ የጻፍከው ወንዙ እንደ አውሮፕላን በድልድዩ ላይ በርሮ አለፈ ብለህ ነው። እንዲህ ብለን ከላክንላቸው መሐንዲስ ቀርቶ አብራሪ ይልኩልናል» ሲሉ የክፍሉ ሰው ሁሉ ሳቀብን። እኛም «ይቅርታ ጌታዬ፥ አስተካክዬ አመጣለሁ» ብለን ወረቀቱን ይዘን ወጣን።

የዚያን ቀን ኀፍረት ግን ጠቅሞናል። ማታ ቤታችን ገብተን መዝገበ ቃላቱን ስንገልጥ «ፍሎው» ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስሟን ብቻ የምናውቃት፥ ጠባይዋን ያልመረመርናት ቃል ሆና አገኘናት። ስለዚህ በዛሬው እሑድ የደረስንበትን ለአንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም ለተማሪዎችና እንደኛው ብዕር ይዘው መሥሪያ ቤት ለገቡ ወጣቶች ለማካፈል አሰብን። የአንዲት ቃል ነገር ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ወደ ታች እንደምናሳየው ግን ይህች ቃል ከአገራችን ትልቁ ወንዝ ጋር የተሳሰረች ናት።

በመጀመሪያ ሰዋስዋን እንመልከት። በእንግሊዝኛ በረረ የሚለው ግሥ «ፍላይ» ነው፤ ያለፈ ጊዜው «ፍሉ»፥ ሦስተኛው መልኩ «ፍሎን» ነው። ፈሰሰ የሚለው «ፍሎው» ግን ጠባዩ እንደ ሌሎቹ ሥርዓት ያላቸው ግሦች ስለ ሆነ ሁለተኛውም ሦስተኛውም መልኩ «ፍሎውድ» ብቻ ነው። ሞልቶ ፈሰሰ ለማለትም «ኦቨርፍሎውድ» ይባላል። ሁለቱ ቃላት ለጆሮም ለዓይንም ስለሚቀራረቡ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎች እንኳ አልፎ አልፎ ሲስቱ ይታያሉ። እንግዲህ አንባቢያችን ወንዙን ከማብረር ይጠንቀቅ።

ሁለተኛው ስሕተት ከራሳችን ቋንቋ የሚመጣ ነው። በአማርኛ «ፈሰሰ» በሚለው ግሥ ፊት «አ»ን ብንጨምር «አፈሰሰ» ይሆንልናል። እንግሊዝኛው ግን ይህን አይፈቅድም። «ፍሎው» ውሃው በራሱ ሲሄድ ብቻ የሚነገር ግሥ ስለ ሆነ፥ ሰው ውሃውን «ፍሎው» አደረገው ቢባል ሰሚው ግራ ይጋባል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «አፈሰሰ» የሚለውን ቃላችንን ለመተርጐም አስቀድሞ ብዙ ይጠይቀናል። አስቦበት ከማሰሮ ወደ ብርጭቆ ከሆነ «ፖር» ይላል። ሳያስበው እጁ ስቶ ከሆነ «ስፒል» ይላል። የግድቡን በር ከፍቶ ከሆነ «ሪሊስ» ይላል። የተኛበትን ማሳ ለማድረቅ ቦይ ቀድዶ ከሆነ ደግሞ «ድሬይን» ይላል። የእኛ አንድ ግሥ በዚያ አገር አራት ሆኖ ይገኛል።

ይህን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። በቤት ውስጥ ልጅ እንስራ ሲሰብር እናት «ውሃው ፈሰሰ» ትላለች፤ ጎጃም ላይ ቆሞ ዓባይን የሚያይ ሰውም «ውሃው ይፈስሳል» ይላል። በእናትየው አፍ ፈሰሰ ማለት ጠፋ፥ ባከነ ማለት ነው። በተመልካቹ አፍ ግን መንገዱን ይዞ ሄደ ማለት ነው። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለው የአባቶች ተረትም የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ነው። እንግሊዝኛ ለእናትየው «ስፒል» የሚለውን፥ ለተመልካቹ «ፍሎው» የሚለውን ይሰጣል። ዘመዱን ሳይለይ የሚተረጕም ሰው የባከነውን ውሃ ወራጅ፥ ወራጁንም ባካኝ ሊያደርገው ይችላል።

አሁን ወደ ባልንጀሮቿ እንለፍ። ከሁሉ የሚቀርባት «ራን» ነው፤ ይህ ሮጠ ማለት ቢሆንም ለወንዝም ይነገራል። ወንዙ በየት በኩል ያልፋል ለማለት ሲፈለግ «ራን» ይመረጣል፤ ስለ መንገዱ ይናገራልና። ውሃው ምን ያህል ይሄዳል፥ እንዴት ይሄዳል ለማለት ሲፈለግ ግን «ፍሎው» ትመጣለች። «ስትሪም» ስም ሲሆን ጅረት ነው፤ ግሥ ሲሆን ግን እንባ በጉንጭ ላይ ሲወርድ ወይም ሕዝብ ከስታዲየም በር በብዛት ሲወጣ ይነገራል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ይህን ቃል የሚያውቁት ከውሃው ይልቅ በትምህርት ክፍፍል ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ «ስትሪም» እየተባለ ሲነገር ይሰማሉና፥ ነገሩ ከአንድ ምንጭ የወጣ ውሃ በሁለት ጅረት ሲከፈል እንደማለት ነው።

ኃይል ሲጨመር «ጋሽ» ይመጣል። እኛ ታላላቆቻችንን የምንጠራበት ቃል ቢመስልም፥ በእንግሊዝኛ ውሃ ከቧንቧ ስብራት ወይም ደም ከቁስል ቡልቅ ብሎ ሲወጣ የሚነገር ነው። ኃይል ሲቀነስ ደግሞ «ትሪክል» ይሆናል፤ ይህም በበጋ ምንጩ ሊደርቅ ሲል እንደ ክር ቀጥኖ የሚወርደው ነው። «ሲፕ» በአፈር ወይም በግድግዳ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣው ነው። «ኡዝ» ደግሞ ወፍራም ፈሳሽ ቀስ እያለ ሲወጣ የሚባል ሲሆን፥ እኛ ቁስል «አዠ» የምንለውን ይመስላል። እነዚህ ሁሉ በመዝገበ ቃላት በአንድ መስመር ተደርድረው ስለሚገኙ ተማሪው እንደ ወንድማማች አይቶ አንዱን ባንዱ ቦታ ይተካል። ነገር ግን መሐንዲስ ለግድብ ጠባቂ «ሲፕ» ብሎ ቢጽፍለት ጠባቂው ደብተር ይዞ ይከታተላል፤ «ጋሽ» ብሎ ቢጽፍለት ግን ሰው ከሸለቆው ያስወጣል። በቃሉ ምክንያት የሚደረገው ሥራ ይለያያል ማለት ነው።

ከስሞቹ ወገን «ካረንት»ን ማለፍ አይገባንም። መነሻው ሮጠ የሚል የላቲን ግሥ ሲሆን፥ የትምህርት ሥርዓት የምንልበት «ካሪኩለም» የሚለው ቃልም ከዚያው ተወልዷል፤ በጥንት ዘመን የሩጫ መንገድ ማለት ነበር። በወንዝ ውስጥ «ካረንት» ዋናተኛውን ይዞት የሚሄደው የውሃው ግፊት ነው። የኤሌክትሪክ ሰዎችም በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን በዚሁ ስም ጠሩት። «ፍሉወንት» እና «ኢንፍሉወንስ» የሚሉት ደግሞ ፈሰሰ ከሚል ከሌላ የላቲን ግሥ የመጡ ናቸው፤ የፊደላቸው መልክ የ«ፍሎው» ልጆች ቢያስመስላቸውም «ፍሎው» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደች ስለ ሆነች ዝምድና የላቸውም። መልክ አይቶ ዘመድ መቁጠር በቃላትም ያሳስታል።

የአማርኛው ቤተ ሰብም ከዚህ አያንስም። «ፈሰሰ» ከሚለው ከአንዱ ሥር ስንት ስም እንደ ወጣ እንቍጠር። «ፈሳሽ» የሚፈስሰው ነገር ራሱ ነው። «ፍሰት» ድርጊቱና መጠኑ ነው። «አፈሳሰስ» ሁናቴው ነው። «መፍሰሻ» መውጫው ነው። «ተፋሰስ» ብዙ ውሃ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት ምድር ነው። እንግሊዝኛው ግን አብዛኛውን ሸክም በ«ፍሎው» ላይ ስለሚጭነው፥ ስም ስትሆን ቢያንስ ሁለት ትርጕም ትይዛለች። አንደኛው የውሃው መሄድ ነው፤ ከመቆም ተቃራኒ የሆነው ማለት ነው። ሁለተኛው በተወሰነ ጊዜ የሚያልፈው የውሃ መጠን ነው። ለምሳሌ የዓባይ «ፍሎው» በነሐሴ ከፍ፥ በበጋው መጨረሻ ዝቅ ይላል ሲባል የሚነገረው ስለ መጠኑ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚያስታውቀን አጠገቧ የሚቆመው ግሥ ነው። በቃል ዓለምም ሰውን በባልንጀራው ማወቅ ይቻላል።

አሁን የጀመርነውን ነገር ወደ ዋናው ቁም ነገር እናምጣው። በዓባይና በገባሮቹ ላይ በተጻፉት አሮጌ ውሎች ውስጥ ይህች ቃል ከልዩ ልዩ ግሦች ጋር ቆማ ትገኛለች።

የመጀመሪያው ወረቀት በ1883 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ በምሥራቅ አፍሪቃ የየራሳቸውን ክልል ሲካፈሉ የፈረሙት ፕሮቶኮል ነው። ከኢትዮጵያ የሚወርደው ተከዜ የሚገባበትን የአትባራን ወንዝ በሚመለከተው አንቀጽ፥ ኢጣልያ ወደ ዓባይ የሚሄደውን «ፍሎው» «ሴንሲብሊ ሞዲፋይ» የሚያደርግ ሥራ በወንዙ ላይ እንዳትሠራ ግዴታ ገባች። «ሞዲፋይ» ለወጠ ማለት ነው። «ሴንሲብሊ» የሚለውን የዛሬ ተማሪ «በማስተዋል» ብሎ ሊፈታው ይችላል፤ በውል ቋንቋ ግን «ሊታወቅ በሚችል መጠን» ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ወረቀት የውሃው አካሄድ ሊታወቅ በሚችል መጠን ከተለወጠ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው። አጥሩ በጣም ጠባብ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ውል ውስጥ አልነበረችም።

ሁለተኛው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው የሱዳን ወሰን ውል ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ጥቁር ዓባይን፥ ጣናንና ሶባትን ይመለከታል። እዚህም «ፍሎው» አለች፤ ባልንጀራዋ ግን ተለውጧል። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ግዴታ የገቡት የውሃውን «ፍሎው» «አሬስት» የሚያደርግ ሥራ ነው።

«አሬስት»ን ከፖሊስ ጋር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያዘ፥ አሰረ ማለት ነው። ሐኪሞች ልብ መምታት ሲያቆም «ካርዲያክ አሬስት» ይላሉ፤ ልብ ዝግ ብሎ ሲመታ ግን ይህን ቃል አይጠሩም። ስለዚህ «አሬስት» ከ«ፍሎው» ጋር ሲቆም ከሁለቱ ትርጕሞቿ የሚጠራው የመጀመሪያውን ነው። መሄድን ማቆም ማለት ይሆናል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያው የእንግሊዝ መንግሥት ለአትባራ «ሞዲፋይ» የሚለውን ቃል አግኝቶ ነበር፤ ቃሉ አልጠፋውም። ለጥቁር ዓባይ ግን የተጻፈው «አሬስት» ነው።

ሦስተኛው ወረቀት በሚያዝያ 1921 ዓ.ም. እንግሊዝና ግብጽ የተለዋወጡት ደብዳቤ ነው። በዚህም ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። በዚያ አንቀጽ ጸሐፊዎቹ «ፍሎው»ን ትተው ነገሩን በሦስት ከፍለው ጻፉት። እንግሊዝ በምታስተዳድራቸው አገሮች ወደ ግብጽ የሚደርሰውን የውሃ መጠን የሚቀንስ፥ የሚደርስበትን ጊዜ የሚለውጥ፥ ወይም ከፍታውን ዝቅ የሚያደርግና የግብጽን ጥቅም የሚጐዳ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ አሉ። መጠን፥ ጊዜ፥ ከፍታ። ሕግ ዐዋቂ ሰው መቀነስን ለመከልከል ሲፈልግ «ሪዱስ» ብሎ በግልጽ እንደሚጽፍ ይህ ወረቀት ይመሰክራል።

እንግዲህ ሦስቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ፥ አንዱ መለወጥን፥ አንዱ ማቆምን፥ አንዱ መቀነስን ይከለክላል። የዚህን ልዩነት ክብደት የ1881ዱን የውጫሌ ውል ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም። በዚያ ውል ዐሥራ ሰባተኛ አንቀጽ አማርኛው «ይቻላል» ሲል የኢጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አድርጎት ነገሩ እስከ ዐድዋ አድርሷል።

የ1894ቱ ውልስ አማርኛው ምን ይላል? ውሉ በእንግሊዝኛና በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን ሁለቱም ቅጂዎች እኩል የጸኑ ናቸው። የአማርኛው ጸሐፊ ለ«ፍሎው» ስም ፍለጋ አልደከመም። ነገሩን እንደ ገበሬ አየውና ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለሚደፍን ሥራ ጻፈ። ደፈነ የምንለው ጕድጓድን፥ ቀዳዳን ወይም ቦይን ነው፤ ጨርሶ መዝጋት ማለት ነው። ለዚህም «ገደበ» ከሚለው ባልንጀራው ይለያል። ገደበ ወሰን አበጀ፥ ልክ ሰጠ ማለት ነው። የተደፈነ ምንጭ የለም፤ የተገደበ ወንዝ ግን አለ።

ፍትሕ ለማድረግ የሌላውንም ወገን ነገር እንስማ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ፥ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዳር እስከ ዳር 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ግንብ ነው። አንድ ተከራካሪ «ከዳር እስከ ዳር ማለት ይኸው አይደለምን?» ቢል ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ደግሞም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ፥ በዓመት በአማካይ ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ በሚያወርድ ወንዝ ላይ ሲሞላ፥ በሙሌቱ ዘመን ወደ ታች የሚያልፈው ውሃ ያንኑ ያህል መቀነሱ እርግጥ ነው።

መልሱ ያለው በግሡ ውስጥ ነው። ግንቡ ከዳር እስከ ዳር ደርሷል፤ ወንዙን ግን አልደፈነውም። ሙሌቱ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በየክረምቱ በተራ ሲካሄድ ወንዙ መሄዱን አላቋረጠም። ከዚህም በላይ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ የታቀደ ግድብ መብራት የሚሰጠው ውሃው በተርባይኑ ውስጥ አልፎ ሲሄድ ነው፤ ውሃውን አስሮ ያስቀረ ግድብ አምፖል አያበራም። በእንግሊዝኛው አነጋገር ግድቡ «ፍሎው»ን «ሬጉሌት» አደረገ፥ ማለትም በልክ አደረገ ሊባል ይችላል፤ በክረምት የሚመጣውን ይዞ በበጋ ይለቅቃልና። «ሞዲፋይ» አደረገ ቢባልም እውነት ነው። «አሬስት» አደረገ ማለት ግን ቃሉን ከትርጕሙ ማውጣት ነው። ውሉ ዛሬ ምን ያህል ሕጋዊ ዋጋ አለው የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ለሕግ ሊቃውንት እንተወዋለን። እኛ የያዝነው የቃሉን ነገር ብቻ ነው።

ከመሰናበታችን በፊት ስለ አንዲት የውሃ ዘመድ እናውጋ። እንግሊዝኛ ተፎካካሪን፥ ባላንጣን «ራይቫል» ይለዋል። ይህ ቃል የመጣው ትንሽ ወንዝ ከሚል «ሪቩስ» ከተባለ የላቲን ቃል ነው። በጥንት ሮማውያን ዘንድ «ሪቫሊስ» ማለት ከጎረቤቱ ጋር ከአንድ ወንዝ ውሃ የሚቀዳ ሰው ነበር። በአንድ ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች በተራው እየተጣሉ ስላስቸገሩ ይመስላል፥ የጎረቤቱ ስም የባላንጣ ስም ሆኖ ቀረ።

በእኛ ቋንቋ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። በሩቅ አገር ሁለት ሰዎች ተገናኝተው የአንድ ቀዬ ልጆች መሆናቸውን ሲያውቁ «የወንዜ ልጅ!» ብለው ይተቃቀፋሉ። አንድ ውሃ መጠጣት ለሮማዊው የጠብ ምክንያት ሆነ፤ ለእኛ የዝምድና ምክንያት ሆነ። ዓባይ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በሱዳንና በግብጽ ሲያልፍ ከሁለቱ ቃላት የትኛው እንደሚገባን መምረጥ የዛሬዎቹና የነገዎቹ ጸሐፊዎች ፈንታ ነው። እነዚያ ጸሐፊዎችም ከእኛው መካከል የሚነሡ ናቸው፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የወረዳ ደብዳቤ የሚተረጕሙት ወጣቶች ነገ የውል ረቂቅ ይቀርብላቸዋል።

የወረዳውን ደብዳቤ በማግሥቱ አስተካክለን ስናቀርብ አለቃችን አነበቡትና ፈረሙበት። ልንወጣ ስንል ግን ጠሩን።

«ልጄ፥ ወንዙን ወደ መሬት መለስከው። ከእንግዲህ ቃል ስታይ ብቻዋን አትያት፤ አጠገቧ ማን እንደ ቆመ እይ» አሉን።

እኛም ይህንኑ ምክር ለአንባቢዎቻችን አስተላልፈን እንሰናበታለን።